አልነሳም ያለች ቦርድ

ቢግልቦን ብላክ የባንክ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር ናት። በ2013 ነው ለገበያ የቀረበችው፤ ራሟ 512 ሜጋባይት ነው። ጤነኛ ስትሆን ከአራቱ ሰማያዊ መብራቶቿ አንዱ እንደ ልብ ትርታ ድው ድው ይላል። አልነሳም ያለች ቀን ግን የኤሌክትሪክ ምልክቷ በርቶ ትንፍሽ አትልም። ስክሪን ቢሰኩላትም ጥቁር ነው፤ ስክሪኑን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ነውና፣ ከርነሉ ደግሞ ገና እዚያ አልደረሰም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲስተሙ ያለበትን ሚሞሪ ካርድ አውጥቶ ሲስተሙን እንደ አዲስ ይጭናል፤ ያም ካልሆነለት ሌላ ቦርድ ይፈልጋል። እኔም ሁለቱንም አድርጌያለሁ፣ ዛሬም ይቆጨኛል። ቦርዷ ያን ጊዜም እያወራች ነበር፤ ጆሮ አልሰጠኋትም እንጂ።

ከጠርዟ አጠገብ ባለ ስድስት እግር መሰኪያ አለ። ሦስቱ ይበቃሉ፦ 1ኛው ግራውንድ፣ 4ኛው መቀበያ፣ 5ኛው መላኪያ። ሲሪያል ኬብሉ በአንድ ጫፉ ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ ይሰካል፤ በሌላው ጫፉ የኬብሉ መላኪያ ከቦርዷ መቀበያ፣ መቀበያው ከመላኪያዋ ጋር ይገናኛል። የ3.3 ቮልት ኬብል ይሁን፤ የ5 ቮልቱ ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላል። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ፑቲ ወይም ሚኒኮም የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ ፍጥነቱን 115200 ማድረግ ነው።

መነሳት የዱላ ቅብብል ነው። የመጀመሪያው ሯጭ ፋብሪካው ቺፑ ውስጥ ያተመው ሮም ነው። እሱ ኤምኤልኦ የሚባል ትንሽ ፋይል ይፈልጋል፤ ኤምኤልኦ ራሙን ቀስቅሶ ለዩቡት ያስረክባል፤ ዩቡት ከርነሉን ወደ ራም ጭኖ ይለቀዋል። ሮሙ ፋይሉን ካጣ ላፕቶፑ ላይ «ሲ» የምትባለዋን የላቲን ፊደል እየደጋገመ ይጽፋል፦ ሲ፣ ሲ፣ ሲ። ፕሮግራሙን በሲሪያሉ በኩል ላኩልኝ ማለቱ ነው። ይህን ያየ ሰው ከርነሉን አይውቀስ፤ ዱላው ገና ከመጀመሪያው እጅ አልወጣም። ከካርድ ለማስነሳት ከካርዱ ማስገቢያ አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ኤሌክትሪኩን መሰካት ያስፈልጋል። ሪሴት መጫን ብቻውን አይበቃም፤ ቺፑ የዚያችን ቁልፍ ሁኔታ የሚያነበው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ነው።

ዩቡት በ2002 ይህን ስም ያገኘ፣ ቮልፍጋንግ ዴንክ ሲመራው የነበረ ሥራ ነው። ከርነሉን ከመልቀቁ በፊት ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ቆጠራው ሳያልቅ ካቆሙት ለከርነሉ የሚያስረክበውን ሁሉ ያሳያል። ካላቆሙት «ስታርቲንግ ከርነል» ብሎ ሦስት ነጥብ ይጽፋል። ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ከነጥቦቹ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው።

እኔ እዚያ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የኮንሶሉን፣ ማለትም ከርነሉ መልእክቱን የሚጽፍበትን በር፣ ስም ነው። የዚህች ቦርድ የሲሪያል በር በአሮጌው ድራይቨር «ቲቲዋይኦ0» ይባል ነበር፤ በአዲሱ «ቲቲዋይኤስ0» ሆነ። ዩቡት የማይሠራውን ስም ካቀበለው ከርነሉ ተነስቶ ሥራውን እየሠራ እኛ ሞቷል እንላለን። ለማረጋገጥ የኔትወርክ ኬብል ሰክቶ ራውተሩ አድራሻ ሰጥቷት እንደሆነ ማየት ነው፤ ከሰጣት በሕይወት አለች።

አድራሻ ካላገኘች ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዲቫይስ ትሪ ነው። ከርነሉ ቦርዷ ላይ ምን የት እንዳለ የሚያውቀው ከዚህ ፋይል ነው፤ የሌላ ቦርድ ፋይል ከተሰጠው በማያውቀው ቤት በጨለማ እንደሚሄድ ሰው ይደናበራል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ በጣም የምወደው ዘዴ ይቀራል። ከርነሉ የሚናገረውን ሁሉ፣ ኮንሶል ባይኖረውም፣ ራም ውስጥ ባለ መዝገብ ይጽፋል። ሪሴት ሲጫኑ ራሙ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ከርነሉ ሲሠራ አብሮ ከሚወጣው «ሲስተም ማፕ» ከሚባለው ፋይል የመዝገቡን አድራሻ ይፈልጉ፤ መጀመሪያው ላይ ያለውን «ሲ» በ«8» ይተኩ፤ የዚህች ቦርድ ራም የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ከዚያ ዩቡትን «ኤምዲ» ብለው አድራሻውን አስከትለው ያዙት። በግራ የቁጥር መዓት ይደረደራል፤ በቀኝ ደግሞ ፊደላቱ አንድ በአንድ ተገጣጥመው ከርነሉ ከመቆሙ በፊት የጻፈው የመጨረሻ መስመር ይነበባል። ያን መስመር መጀመሪያ ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፌ ጠፋ።

ከርነሉ በግልጽ ጮኾ ሲወድቅማ እፎይታ ነው። የሩት ፋይል ሲስተሙን መክፈት አልቻልኩም ብሎ በቅንፍ ሁለት ቁጥር ይጽፋል። 0 እና 0 ከሆኑ ማከማቻውን ጨርሶ አላየውም። 179 እና 2 ከሆኑ ካርዱን፣ ሁለተኛውን ክፍልፋይ ጭምር፣ አግኝቶታል፤ ችግሩ ያለው የተጻፈበት ፋይል ሲስተም ላይ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካርዱ እስኪነቃ ከርነሉ ስለሚቀድመው ነው። ለከርነሉ በሚተላለፈው መስመር ላይ «ሩትዌይት» የምትል አንዲት ቃል ጨምሮ እንደገና ማስነሳት ነው፤ ከርነሉ ካርዱን ይጠብቃል፣ ጽሑፉ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ቦርዷ የተጠቃሚ ስም ትጠይቃለች።