«ፔስ ኤግ»፦ ፋሲካ የተሰወረበት የእንግሊዝኛ ቃል

በሰሜን እንግሊዝ፣ በተለይም በላንካሸርና በዮርክሸር፣ ለትንሣኤ በዓል እንቁላል በሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅልሎ የመቀቀል ልማድ አለ። ቅርፊቱም ወርቅማ፣ ዝንጉርጉር መልክ ይይዛል። በፕሬስተን ከተማ ደግሞ ሕፃናት በበዓሉ ማግሥት ሰኞ ዕለት እንቁላሉን ከዳገት ቁልቁል ያንከባልላሉ። እንቁላሉ «ፔስ ኤግ» ይባላል።

«ኤግ» እንቁላል ነው፤ «ፔስ»ስ? በድምፅም በአጻጻፍም «እርምጃ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አንድ ቢሆንም ዝምድና የላቸውም። የቃሉን ዱካ ወደ ኋላ ብንከተል ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ወደ ላቲኑ «ፓስካ»፣ ከዚያም ወደ ግሪኩ «ጳስኻ»፣ ከግሪኩም ወደ አራማይኩ «ፓስሓ» ያደርሰናል። የሁሉም ሥር ዕብራይስጡ «ፔሳሕ» ነው፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 የተነገረው፣ የበጉ ደም የተቀባባቸው የእስራኤል ቤቶች ከመቅሠፍት የታለፉበት በዓል። የእኛም «ፋሲካ» ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው።

በመንገዱ ላይ ቃሉ ሌላ ትርጓሜም ተሰጥቶታል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰርዴሱ ሜሊጦን ቃሉን «መከራ መቀበል» ከሚለው የግሪክ ግሥ ጋር አያይዞታል። በኋላ ቅዱስ አውግስጢኖስ ቃሉ ዕብራይስጥ እንደሆነና «መሻገር» ማለት እንደሆነ አስረድቷል።

እንግሊዞች ግን ለበዓሉ «ኢስተር» የሚለውን ስም አጸኑ። መነኩሴው ቤዳ በ725 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ስሙ «ኤኦስትሬ» ከተባለች የጥንት ጣዖት እንደመጣ ገልጿል። ዊልያም ቲንደል ደግሞ በ1530 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኦሪት ትርጉም ለኦሪቱ በዓል «ፓስኦቨር» የሚል ቃል ተጠቀመ። እነሆ አንዱ ስም ለሁለት ተከፈለ። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ ያንኑ የግሪክ ቃል በብዙ ስፍራ «ፓስኦቨር»፣ በሐዋርያት ሥራ 12፥4 ግን «ኢስተር» ብሎታል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ክርስቶስን «ፋሲካችን» ብሎ ሲጠራው፣ በእኛ ቋንቋ የበጉና የበዓሉ ስም አንድ በመሆኑ ምሥጢሩ ለጆሮ ቅርብ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያ ዝምድና ካልተነገረ አይሰማም። በባሕር ማዶ የሚያድጉ ልጆቻችን በትምህርት ቤት «ኢስተር» ሲሉ ይውላሉ። እንግዲያው በማዕድ ዙሪያ «ፋሲካ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ብንነግራቸው፣ ስሙ እንደ «ፔስ» ትርጉሙ የተረሳ ድምፅ ሆኖ አይቀርም።

መልካም በዓል!