ርካሽና ጸጥ ያለ ደሴት፦ የትኛውን ችግር ትችላላችሁ?

እስራኤል ውስጥ ካለችው ከአፉላ ተነሥተው ሞቃታማ ደሴት ላይ ጥቂት ቀን ማረፍ የሚፈልጉ ባልና ሚስት ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከፎቶና ከዋጋ ነው። ፎቶው ሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ሰው ያልተቀመጠበት ወንበር። ዋጋውም ቢሆን ቦታው ለምን እንደረከሰ አይናገርም። እንደ እኔ አመለካከት ግን ምርጫው መጀመር ያለበት ከዚሁ ምክንያት ነው። ባሕሩ ያማረ፣ ሰው ያልበዛበትና ዋጋው የቀለለ ቦታ ከተገኘ፣ ሌላው መንገደኛ የሸሸው አንድ ነገር አለው ማለት ነው፦ የዝናብ ወቅት፣ ተጨማሪ ጀልባ፣ በቀን ሁለቴ ወደ ኋላ የሚሸሽ ባሕር፣ ወይም የአውሮፕላን ማረፊያ እጦት። ሌላውን ያሸሸው ችግር እናንተን የማያስጨንቃችሁ ከሆነ ደሴታችሁን አገኛችሁ።

ከሁሉ በፊት የቀን መቁጠሪያው ይታይ። በእስራኤል አንድ ዓመት የሠራ ሠራተኛ ሀቭራኣ የሚባለው የዕረፍት ክፍያ ይገባዋል። ከአራተኛው እስከ አሥረኛው የሥራ ዓመት የሰባት ቀን ሒሳብ ነው፤ በግሉ ዘርፍ በ2023 እ.ኤ.አ. በጸናው የ418 ሼቄል የቀን ተመን ሲሰላ 2,926 ሼቄል ይመጣል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚገባው በበጋው ወራት ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ወዲያውኑ ኦገስት ላይ ያወጣዋል። ኦገስት ደግሞ ትምህርት ቤት ሁሉ የሚዘጋበት፣ ትኬትም ሆቴልም የሚወደድበት ወር ነው። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ያላቸው ወላጆች ምርጫ የላቸውም። ልጆቻቸው ያደጉላቸው ወይም ገና ያልወለዱ ባልና ሚስት ግን ክፍያውን ባንክ አስቀምጠው ሌላ ወር ላይ ቢሄዱ የሚከለክላቸው ሕግ የለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት ጁን 20፣ አንደኛ ደረጃዎቹ ጁን 30 ነው። ስለዚህ የጁን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ነፃ ናቸው። ሌላው መልካም ጊዜ ከስግድ በዓል በኋላ ያለው ነው፤ የሱኮት ግርግር አልፏል፣ የአውሮፓ የገና ተጓዥም ገና አልተነሣም።

ይህን ከዛንዚባር የአየር ጠባይ ጋር እናስተያየው። በዚያ ትልቁ ዝናብ፣ መሲካ የሚሉት፣ ከማርች እስከ ሜይ ይወርዳል፤ ትንሹ ቩሊ በዓመቱ መጨረሻ ይመጣል። በፔሳሕ ዕረፍት ዛንዚባር የሄደ ሰው ዝናቡ መሀል ይገባል ማለት ነው፤ ለፔሳሕ የቀረበ ርካሽ ጥቅል ሲታይ ይህ ይታወስ። በጁን ግን መሲካ አልቋል፣ የአውሮፓውያን የጁላይና የኦገስት ወረፋ ደግሞ ገና ነው። ብዙ ሰው የማይገምተውን ልጨምር፦ በኦገስት አፉላ ያለችበት የኢይዝራኤል ሸለቆ ሙቀት በየቀኑ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከምድር ወገብ በታች ያለችው ዛንዚባር በዚያው ወር ከአፉላ ትቀዘቅዛለች። ሞቃታማ ደሴት ሲባል በሐሩር መቃጠል ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

የዛንዚባር ሁለተኛው ችግር የባሕሩ መሸሽ ነው። በስተ ሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ባሕራቸው ብዙ ስለማይሸሽ ቀኑን ሙሉ ይዋኝባቸዋል፤ ስለዚህም ትልልቅ ሆቴሎች፣ ሙዚቃውና ጭፈራው የተከማቹት እዚያ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በጃምቢያኒና በማቴምዌ፣ ባሕሩ ሲሸሽ እጅግ ርቆ ይሄዳል፤ ለሰዓታት መዋኘት አይቻልም። በባዶው የባሕር ወለል ላይ የመንደሩ ሴቶች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የለመዱትን የባሕር አረም እርሻ ሲሠሩ ይታያል። ለመዋኘት ብቻ የመጣ ሰው ይበሳጫል፤ ጠዋት ዋኝቶ ከሰዓት በዳርቻው መራመድና መተኛት የሚበቃው ግን በዚያው ችግር ምክንያት ጸጥታም የመንደር ማረፊያ ዋጋም ያገኛል። ከዚህ ላይ መንግሥት የሚያስከፍለው ይደመር፦ የታንዛኒያ ቪዛ ለአንድ ሰው 50 ዶላር፣ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ የዛንዚባር የግዴታ የጉዞ ዋስትና 44 ዶላር። ለሁለት ሰው 188 ዶላር ነው፤ ይህ በሆቴሉ ዋጋ ውስጥ አይታይም።

ችግሩ ብቻውን ግን ዋጋ አያወርድም። ከዛንዚባር ከተማ በስተ ሰሜን የምትገኘው ፔምባ የቅርንፉድ አገር ናት፤ ኮረብታማና ጭር ያለች፣ ከዋናዋ የዛንዚባር ደሴት ከኡንጉጃ በጣም የምትረጋ ደሴት። ሆኖም ማረፊያዎቿ ጥቂት ስለሆኑ፣ ከእነዚያም ውስጥ ለሀብታም ጠላቂዎች የተሠሩ ስላሉባት፣ ጸጥታዋን በርካሽ የሚያገኝ ብዙ ሰው የለም። ዋጋ የሚወርደው የደሴቲቱ ነዋሪ ቤቱን ከፍሎ ሲያከራይ ነው። ማልዲቭስ ይህን በደንብ ታስረዳለች። ለአሥርተ ዓመታት እንግዳ የሚያድረው በአብዛኛው ለመዝናኛ ብቻ በተለዩ ደሴቶች ነበር፤ ከ2009 ገደማ ጀምሮ ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች የእንግዳ ማረፊያ መክፈት ሲፈቀድ መካከለኛ ገቢ ላለውም ተከፈተች። ለእስራኤላዊ ግን ይህ ታሪክ ብቻ ነው፤ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ እንዳይገባ ሕግ ወጥቷል። ሲሸልስ ውድ የምትባል አገር ናት፣ ስሟም ያለ አግባብ አልወጣላትም፤ የሚበላው ሁሉ ከሞላ ጎደል ከውጭ ይገባል። ላ ዲግ የምትባለው ትንሽ ደሴት ግን የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከፕራላን ደሴት በጀልባ ይደረስባታል፣ ሕዝቡ በብስክሌት ይሄዳል፣ ወጥ ቤት ያላቸው የቤተሰብ ማረፊያዎችም አሉባት። መንግሥት ራሱ ከ2023 ጀምሮ በሚሰበስበው የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ ትንንሾቹን ማረፊያዎች በሰው በሌሊት 25 ሩፒ፣ ትልልቆቹን 100 ሩፒ ያስከፍላል። ወጥ ቤቱ የካሽሩትን የምግብ ሕግ ለሚጠብቅ ሰው ከዋጋውም ይበልጣል፦ ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ ከዳርቻው ተገዝቶ በራስ ድስት ይሠራል፤ ድርቆሽ ይዞ የሄደማ ፍርፍርም አይቀርበትም።

«ይህን ሁሉ ከመልፋት ኤይላት ለምን አንሄድም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኤይላት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ናት፣ ቋንቋውም ምግቡም የታወቀ ነው። ነገር ግን ከአፉላ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ በበዓል ቀን የሚደረስባት ኤይላት፣ ከአፉላ የሸሹትን ሰዎች ሁሉ ይዛ ትጠብቃለች። ለሦስት ቀን ዕረፍት ኤይላት ትሻላለች፤ ለሳምንት ከሆነ የወጪው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ሁሉም በአንድ ዋጋ የተካተተበት ጥቅል ከጭንቀት ያድናል የሚለውም እውነት አለው። ጥቅሉ ግን የሚሸጠው ብዙ ሰው የሚሞላበትን ቦታ ነው፤ ከጸጥታ ጋር አብሮ ሊመጣ አይችልም።

ሌላው፣ ከልብ የሚወጣው ተቃውሞ፣ «የራሳችን ጣና እያለ» የሚለው ነው። ጣና በሐሩር ቀበቶ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው፣ በዩኔስኮ የተመዘገበ የሕይወት ክልል ነው፣ ከኢትዮጵያ ለመጣ ብዙ የአፉላ ቤተሰብም የአያት አገር ጎረቤት ነው። ሆኖም ለባልና ሚስት ዕረፍት ሲታሰብ ያልተነገሩ ነገሮች አሉ። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ምሽቱ ይበርዳል። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አያስገቡም፤ ሚስት ጀልባ ላይ ቀርታ ባል ብቻ የሚወጣበት ጉብኝት የሁለት ሰው ዕረፍት አይባልም። ከሁሉ የሚከብደው የደህንነቱ ጉዳይ ነው። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ጦርነት ሲበረታ እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎች አስወጥታለች። ናፍቆት ሌላ፣ የዕረፍት ዕቅድ ሌላ ነው።

ኢትዮጵያ ግን በሌላ መንገድ ትጠቅማለች። ከቤን ጉሪዮን አዲስ አበባ አራት ሰዓት ያህል፣ ከቦሌ ወደ ዛንዚባር ደግሞ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሲሸልስም ይበርራል። አዲስ አበባ ወርደው ዘመድ ለመጠየቅ የሚያስቡ አንድ ነገር አይርሱ፦ ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር፣ እዚያ ያደረ ወይም ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ተሸጋጋሪ ታንዛኒያም ሲሸልስም ሲገባ የክትባት ወረቀት ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ከ2016 ወዲህ ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ይሠራል። ስለ ወባ መከላከያውም በዚያው ቀን ሐኪሙን ጠይቁ።

ዛንዚባርንና ሲሸልስን ሳመዛዝን፣ ገንዘቡ ለጠበበበት ጥንድ በጁን መጀመሪያ ጃምቢያኒን እመርጣለሁ፤ ካሽሩትና ብስክሌት ለሚያስቀድም፣ ትንሽ ለሚጨምርም፣ ከስግድ በኋላ ላ ዲግን። ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የእስራኤል ብሔራዊ ደህንነት ምክር ቤት ስለ አገሩ ያወጣውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ አንብቡ፤ የመልስ በረራችሁም ዓርብ ማታ እንዳይገባ፣ ምክንያቱም ከ2016 ጀምሮ አፉላን ከሃይፋ የሚያገናኘው ባቡር በሰንበት አይሠራም።