ቅቤ፣ ውሃ ወይስ ጡት ብቻ? የአራስ ልጅ አንጀት ምግብ የሚለምደው እንዴት ነው?



አዲስ እናቶች በኢንቦክስ ደጋግመው የሚልኩልኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ አማቴ አንጀቱን ያለሰልስለታል ብለው ለጋ ቅቤ ሊያልሱት ነው። ችግር አለው?» አንዳንዶች ስለ አብሽ ውሃ፣ አንዳንዶች ስለ ስኳር ውሃ፣ ሌሎች ደግሞ ስለ ጤና አዳም ይጠይቁኛል። አጭሩ መልሴ «አትስጡት» ነው። ግን «አይቻልም» ብዬ ብቻ ባልፍ ቤት ውስጥ ለሚነሳው ክርክር ብዙም አይረዳችሁም። ስለዚህ ዛሬ ምክንያቱን ላስረዳችሁ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ የአራስ ልጅ ሆድ የትልቅ ሰው ሆድ በትንሹ ማለት አይደለም። ገና እየተሠራ ያለ ሆድ ነው። የጎደለውን እየሞላ የሚያሳድገው ደግሞ የእናት ጡት ነው።

1. ከመወለዱ በፊት

ልጁ ማህፀን ውስጥ እያለ ምግቡን የሚያገኘው በእትብቱ በኩል፣ በደም ነው። ሆዱ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የሽርት ውሃውን እየዋጠ ይለማመዳል። በመጀመሪያው ቀን የምታዩት ጥቁርና የሚያጣብቅ ካካ እዚያ የተጠራቀመው ነው። ጡት ሲጠባ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን አካባቢ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ይህ ጤናማ ነው፣ አትደንግጡ።

2. «ወተት የለኝም» ከማለታችሁ በፊት

በመጀመሪያው ቀን አንድ ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚጠባው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቢበዛ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው! የሚወጣው እንገርም ወፈር ያለ፣ ቢጫማና ትንሽ የሆነው ለዚሁ ነው። ትንሽ ስለሆነ አልበቃውም ማለት አይደለም። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፤ በጠባ ቁጥር ወተቱ ይጨምራል።

እባካችሁ እንገሩን «ቆሻሻ ነው» ብላችሁ አትድፉት። በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮች የታጨቁበት ነው። ጥጃ እንኳን እንገር ካላገኘ በሽታ ይበረታበታል።

3. ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች

አራስ ልጅ የወተትን ስኳር በደንብ መፍጨት ይችላል፤ ለዚያ የተዘጋጀ ነው። ሌላው ግን ገና ነው። ገንፎና አጥሚት ውስጥ ያለውን ስታርች የሚፈጨው የቆሽት ኢንዛይም በመጀመሪያዎቹ ወራት በጣም ጥቂት ነው። ስብ የሚፈጨው ኢንዛይምና ሐሞቱም ገና አልበረቱም።

ታዲያ የጡት ወተት ስብ የለውም ወይ? አለው። ግን የራሱን ስብ ፈጪ ኢንዛይም ይዞ ነው የሚመጣው። ቅቤ ይህ የለውም። በዚያ ላይ ቅቤው ጀርም ሊኖረው ይችላል፤ ሲያልሱት ትን ብሎት ወደ ሳንባው ከገባም የሳንባ ምች ያመጣል። ስለዚህ ቅቤው የእናትየዋ ገንፎ ላይ ይሁን፣ እሷ ናት የሚያስፈልጋት!

4. የአንጀቱ ግድግዳ

የአራስ ልጅ አንጀት ግድግዳ ገና በደንብ አልተጠጋጋም። ጀርምና ባዕድ ነገር ከትልቅ ሰው ይልቅ በቀላሉ ያልፈዋል። የጡት ወተት ግድግዳውን እንደ ቀለም የሚቀባ ተከላካይ አለው። ሌላም የሚገርም ነገር አለ፦ ልጁ ራሱ ሊፈጨው የማይችለው ስኳር ወተቱ ውስጥ ይገኛል። ይህ የተሠራው አንጀቱ ውስጥ ላሉ ጥሩ ባክቴሪያዎች ነው። እነሱ ሲበዙ መጥፎዎቹ ቦታ ያጣሉ። ውሃ፣ አብሽ ወይም የላም ወተት ሲጨመር ይህ ሥርዓት ይረበሻል፤ ተቅማጥም ይከተላል።

«ሙቀት ነው፣ ውሃ ይጠማዋል» ለምትሉ፦ ከጡት ወተት ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ድሬዳዋም ሆነ ሰመራ ሙቀት ውስጥ ቶሎ ቶሎ ማጥባት በቂ ነው። የልጁ ኩላሊት ገና ስለሆነ ብዙ ውሃ ከተሰጠው በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል።

5. ለምን 6 ወር?

ወደ 6 ወር ሲጠጋ ኢንዛይሞቹ ይጨምራሉ፣ አንገቱ ይጸናል፣ ማንኪያ ሲቀርብለት በምላሱ መግፋቱን ይተዋል። ከእናቱ ይዞት የመጣው የብረት ማዕድን ክምችትም እያለቀ ይሄዳል። ስለዚህ ቶሎ መጀመር እንደሚጎዳው ሁሉ፣ ማዘግየትም ይጎዳዋል።

በ6 ወሩ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ ጀምሩለት። ምግቡ ከማንኪያው ላይ የማይንጠባጠብ ወፍራም ይሁን። ቀጭን አጥሚት ሆዱን በውሃ ይሞላዋል እንጂ አያሳድገውም። ገንፎው ላይ እንቁላል፣ የተፈጨ ምስር፣ ጎመን፣ ካሮት ጨምሩበት። ማር ግን 1 ዓመት ሳይሞላው በፍጹም! ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥል።

በ2019 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ነበሩ። ከ10 ሕፃናት አራቱ ገደማ ሌላ ነገር ይቀምሳሉ ማለት ነው።

ልብ በሉ፦ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት፣ የቫይታሚን ጠብታ ወይም ኦአርኤስ ከዚህ ክልከላ ውጪ ነው። በጤና ምክንያት ማጥባት ያልቻላችሁ እናቶችም ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ከጤና ባለሙያ ጋር ተመካክራችሁ የሚስማማውን ታገኛላችሁ።

ጊዜ ሳትሰጡ ወደ ጤና ተቋም የምትሄዱት፦

• በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ካካ ካላለ
• አረንጓዴ ትውከት ካስታወከ
• ሆዱ ከተነፋና ከጠጠረ
• ካካው ደም ካለው
• ጡት እምቢ ካለ፣ ከተዝለፈለፈ፣ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ

ይህን ጽሑፍ ለነፍሰ ጡር እህቶቻችሁ ብቻ ሳይሆን አራስ ለሚጠይቁ እናቶችና አክስቶችም ላኩላቸው፤ ማንበብ ለሚከብዳቸው አንብቡላቸው። ቅቤውን የሚያመጡት ልጁን ስለሚወዱት ነው፤ ምክንያቱን ሲሰሙ ከማንም በላይ የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።