የእንጦጦ አየርና የፓራሹት ስሌት

አዲስ አበባ ሰው በፓራሹት ሲወርድ ያየችው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና ዘውድ ሳይጭኑ ነው። ዘላዩ በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒውዮርክ ሃርለም ስሙን ያስጠራው ሁበርት ጁሊያን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 መጥቶ ከአውሮፕላን ዘለለ፤ ንጉሡም በትርኢቱ ተደስተው የኢትዮጵያ ዜግነትና የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጡት። ደስታው ግን አልዘለቀም። ለጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን ጁሊያን የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋር አላተማት። ከአገርም ተሸኘ።

ከዚያ በኋላ በአገራችን የፓራሹት ነገር የወታደር ሙያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የእስራኤል አሠልጣኞች በተካፈሉበት ሥልጠና የአየር ወለድ ጦር ተደራጀ፤ ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የዘላዮቹ ቤት ሆነች። አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በተራራው ላይ የሚሮጠው፣ ብስክሌት የሚነዳውና በገመድ የሚንሸራተተው ወጣት በስልኩ የሰማይ ዝላይ ቪዲዮ ሲያይ ያምረዋል። ምኞቱ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ቪዲዮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረጹት ከባሕር ወለል እምብዛም ባልራቀ ሜዳ ላይ ነው፤ የካና እንጦጦ ደግሞ በሌላ አየር ውስጥ ናቸው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከመገናኛ ተነሥቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ዳገቱን የወጣ ሰው ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ የእንጦጦ አናት ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር በመደበኛው ልክ 1,225 ግራም ይመዝናል። ሙቀቱ 22 ዲግሪ በሆነ ቀን የአዲስ አበባው 910 ግራም ገደማ ነው። ከአራት እጅ አንዱ የለም ማለት ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 3,800 ሜትር የሚረዝም መንደርደሪያ ያስፈለገውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በሳሳ አየር ውስጥ አውሮፕላን ለመነሣት የበለጠ መሮጥ አለበት።

ይህ አየር ለአንዳንዱ ስፖርት በረከት ነው። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በማራቶን ወርቅ ባጠለቀበት የሜክሲኮ ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ቦብ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8 ሜትር ከ90 ሴንቲ ሜትር ዘሎ ዓለምን አስደነቀ። ሜክሲኮ ከተማ 2,240 ሜትር ላይ ነች፤ የሳሳው አየር የፈጣን ሯጭንና የዘላይን ሰውነት እምብዛም አይገታም። በፓራሹት ለሚወርድ ሰው ግን የአየሩ መግታት ነፍሱ ነው። ከ39 ኪሎ ሜትር ከፍታ የዘለለው ፊሊክስ ባውምጋርትነር እ.ኤ.አ. በ2012 በሰዓት ከ1,350 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈተለክ የቻለው እዚያ ላይ የሚይዘው አየር የለም ማለት ይቻል ስለነበረ ነው።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የአሜሪካ ጦር ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረው ቲ-10 የተባለ ክብ ጃንጥላ ወታደሩን በባሕር ወለል በሰከንድ 6.7 ሜትር ገደማ ያወርደዋል። ይህም ከ2.3 ሜትር ግንብ ላይ እንደ መዝለል ነው። ያው ጃንጥላ፣ ያው ወታደር አዲስ አበባ ላይ በሰከንድ 7.8 ሜትር ይወርዳሉ፤ ግንቡ ወደ 3.1 ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። የፍጥነቱ ጭማሪ 16 በመቶ ቢሆንም የግጭቱ ጉልበት በ35 በመቶ ያድጋል። ቁርጭምጭሚትና አከርካሪ የሚሸከሙት ይህንኑ ጉልበት ነው።

የዛሬ ዘላዮች አብዛኞቹ ክብ ጃንጥላ አይጠቀሙም። ዶሚና ጃልበርት እ.ኤ.አ. በ1964 የፈለሰፈው አራት ማዕዘን ፓራሹት በእውነቱ ከጨርቅ የተሰፋ ክንፍ ነው። ከፊት በኩል ባሉት ክፍት አፎች አየር እየገባ የጨርቁን ኪሶች ይነፋቸዋል፤ ክንፉም ቅርጹን ይዞ ወደፊት ይበራል። ዘላዩ በሁለት እጁ ሁለት የፍሬን ገመዶች ይይዛል። ግራውን ቢስብ ወደ ግራ፣ ቀኙን ቢስብ ወደ ቀኝ ይዞራል። መሬት ሊነካ ሲቃረብ ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ታች ሲስባቸው የክንፉ የኋላ ጠርዝ ይታጠፋል፣ ወደፊት የሚሄድበት ፍጥነት ለአፍታ ወደ ማንሳት ኃይል ይለወጣል፤ ሰውየውም ደረጃ እንደ ወረደ ያህል ቀስ ብሎ ይቆማል። ቀድሞ ከሳበ ክንፉ ከላይ ሳለ ይከዳውና ይጥለዋል። ዘግይቶ ከሳበ በሙሉ ፍጥነቱ ይላተማል። ዓይኑና እጁ ይህን ቅጽበት በባሕር ዳርቻ ለለመዱት ሰው፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው ክንፍ አዲስ አበባ ላይ 46 ሲሆንበት መሬቱ ካሰበው በፊት ይደርሳል።

ዘላዮች ዘወትር የሚከራከሩበት ጉዳይም የክንፉ ስፋት ነው። ትንሽ ክንፍ ፈጣንና ታዛዥ ነው፤ ልምድ ያካበቱት ይወዱታል፣ ጀማሪውም እነሱን አይቶ ቶሎ ሊያሳንስ ይቸኩላል። ትልቅ ክንፍ ደግሞ ዝግ ይላል፣ ስሕተትንም ይችላል። ለጀማሪ በሰፊው የሚመከረው ልክ ዘላዩ ከነዕቃው በሚመዝነው በእያንዳንዱ ፓውንድ አንድ ካሬ ጫማ ጨርቅ ነው። ልኩ ግን የተለመደው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። በባሕር ወለል 170 ካሬ ጫማ የሚበቃው ሰው አዲስ አበባ ላይ በዚያው ፍጥነት ማረፍ ከፈለገ ወደ 230 ካሬ ጫማ ያስፈልገዋል። በዚህ ክርክር ሚዛኑ ወደ ትልቁ ክንፍ ማድላት አለበት፤ ለየካ ሰማይ ደግሞ ሌላ ምርጫ አለ ብሎ መናገር ከባድ ነው።

ሌላው የተሳሳተ እምነት ፓራሹት ከተከፈተ አደጋው አልቋል የሚለው ነው። ስፖርቱ በጥቅሉ ሲታይ ደኅንነቱ እጅግ ተሻሽሏል፤ የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 በ3.57 ሚሊዮን ዝላይ የመዘገበው ሞት 10 ነው። ከሚደርሱት አደጋዎች ብዙዎቹ ግን በትክክል በተከፈተና ምንም ባልጎደለው ፓራሹት ሥር ይደርሳሉ። አንዱ ዋና ምክንያት መሬት አጠገብ የሚደረግ ድንገተኛ ዙር ነው። ክንፉ ሲዞር አፍንጫውን ደፍቶ ከፍታ ይጥላል። በሳሳ አየር የዙሩ ስፋት በ35 በመቶ ስለሚጨምር፣ ዝቅ ባለ ቦታ የዳነበት ዙር እዚህ ላያድነው ይችላል።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚያሠጋው ግን ጥቂት ሰው ልብ የሚለው የከፍታ መለኪያው ጉዳይ ነው። ዘላዩ እጁ ላይ የሚያስረው መለኪያ ከፍታን የሚያውቀው በአየር ግፊት ሲሆን፣ መሬት ላይ እያለ ዜሮ ይደረጋል። ራሱን የሳተ ወይም ሰዓቱን የዘነጋ ዘላይን ለማዳን መጠባበቂያውን ፓራሹት በራሱ የሚከፍተውም መሣሪያ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ከእነዚህ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሳይፕረስ ነው፤ ለልምድ ባለቤቶች የተሠራው ዓይነት ከመሬት 225 ሜትር ገደማ ላይ ሰውየው በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ እየወደቀ ካገኘው ይከፍትለታል። እንግዲህ ሁለቱም ቢሾፍቱ ላይ፣ በ1,900 ሜትር ተስተካክለው ዘላዩ የካ ላይ በ2,400 ሜትር ቢወርድስ? እጁ ላይ ያለው መለኪያ 1,000 ሲለው ከመሬት የሚለየው 500 ሜትር ብቻ ነው። መሣሪያው ይከፍትበት የነበረው ቦታ ደግሞ ከየካ አፈር 275 ሜትር በታች ይሆናል። አይከፍትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በማረፊያውና በመነሻው መካከል ያለውን ልዩነት ከመነሣት በፊት በሁለቱም ላይ ማስገባት። ግን መታወስ አለበት።

የመዝለያ ከፍታም ይጠባል። በብዙ አገር ዘላዮች ከመሬት 4,000 ሜትር ላይ ይወጡና አንድ ደቂቃ ያህል በነፃ ይወድቃሉ። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ይደረግ ቢባል አውሮፕላኑ ከባሕር ወለል 6,350 ሜትር ይወጣል፤ የአሜሪካው ማኅበር ከ4,572 ሜትር በላይ ዘላዩ ኦክስጅን እንዲይዝ ያዛል። ያለ ኦክስጅን የሚቀረው ከመሬት 2,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ነፃ ውድቀቱም ከግማሽ ደቂቃ በታች።

ከአውሮፕላን ሳይሆን ከተራራው ጠርዝ በፓራግላይደር መነሣት ለሚመኝ እንጦጦ ሌላ ፈተና አለው። በየካ ተራራ ከዋሻ ሚካኤል በላይ ቆሞ ያየ ሰው ጭላትና አሞራ ክንፋቸውን ሳያራግቡ ሲንሳፈፉ ያገኛቸዋል። ነፋሱ ከከተማው ወገን መጥቶ ተራራውን ሲመታ ወደ ላይ ይገፋል፤ ወፎቹ በዚያ ላይ ይጋልባሉ። ነፋሱ ከሱሉልታ ወገን ሸንተረሩን ተሻግሮ ሲወርድ ግን ከጀርባው አዙሪት ይፈጥራል፤ ያ አዙሪት የጨርቅ ክንፍን በአንድ ወገን አጥፎ ሊጥለው ይችላል። በበጋ ቀትር ፀሐይ ቆርቆሮውንና አስፋልቱን ስታግል የሚነሣው ሞቃት አየርም እንዲሁ ያንገላታል። ለጀማሪ ማለዳው ይሻለዋል። ባውምጋርትነር ራሱ ያን ሁሉ ካለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ጣሊያን ውስጥ ሞተር ባለው ፓራግላይደር ሲበር ነው የሞተው።

ማረፊያውም ሜዳ ብቻ አይደለም። ከላይ ባሕር ዛፍ፣ ከታች የመብራት ገመድና የተጠጋጋ ቤት ነው። ዛፍ ላይ መውደቁ የማይቀር ከሆነ እግርን ገጥሞ፣ ፊትን በክንድ ሸፍኖ፣ ከተሰቀሉ በኋላም እርዳታ እስኪመጣ መጠበቅ ነው፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ከቅርንጫፉ ለመውረድ ሲታገሉ ነው። ቦሌም ቅርብ ስለሆነ በዚህ ሰማይ ላይ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ መብረር የመንገደኞችንም ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ነው።

ዘመድ ከውጭ ያገለገለ ፓራሹት አመጣልኝ የሚል ወጣት ከዋጋው በፊት የመጠባበቂያውን ካርድ ይመልከት። በአሜሪካ ሕግ መጠባበቂያ ፓራሹት ፈቃድ ባለው ባለሙያ በ180 ቀን አንዴ ተከፍቶ፣ ተመርምሮ፣ እንደገና ይታጠፋል፤ ቀኑና ፊርማው ካርዱ ላይ ይሰፍራል። ካርዱ ከጠፋ ወይም ቀኑ ካለፈ ዕቃው ባለሙያ ዘንድ ሳይደርስ ጀርባ ላይ መውጣት የለበትም። ካርዱ ከተሟላ ደግሞ ቀጣዩ ሥራ የጨርቁን ካሬ ጫማ አንብቦ ከነዕቃው ከሚመዝነው ክብደት ጋር፣ በየካ አየር ልክ፣ ማስላት ነው።