የጉልምስና ዘመን ጭንቀት

ሰው ወደ አርባ ዓመት ሲቃረብ ያለፈውን ዕድሜውን መለስ ብሎ ይመረምራል፤ የቀረውንም መስፈር ይጀምራል። ኤልየት ጃክስ የተባለ የካናዳ ተወላጅ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ወቅት በ1965 «የዕድሜ አጋማሽ ቀውስ» ብሎ ሰየመው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጭንቀቱ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ መልክ የለውም።

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ የሆነችውን ጁባን እንመልከት። በ1983 በተነሣው ጦርነት ሳቢያ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች፣ ይልቁንም ወንዶች፣ ከወላጆቻቸው ተለይተው በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። በጋምቤላ በኢታንግና በፑኝዶ መጠለያዎች ኖረው በ1991 እንደ ገና ተበተኑ። በ1987 ዐሥር ዓመት የነበረው ልጅ አርባ የሞላው በ2017 ነው። ሌላው ሰው በዚህ ዕድሜ ወጣትነቱ ስላለፈ ያዝናል፤ እርሱ ግን ወጣትነቱን ሳያየው ስለ ቀረ ነው። በ2011 የተገኘው ነጻነት ተስፋ ቢሰጠውም፣ በ2013 መጨረሻ በጁባ የተቀሰቀሰው ውጊያ ተስፋውን አደፈረሰበት።

በዲንካና በኑዌር ባህል ጥሎሽ የሚከፈለው በከብት ስለሆነ፣ በስደት ያደገና ከብት ያልወረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ያገባል። እኩዮቹ የልጅ ልጅ ሲያዩ እርሱ ገና ሕፃን ያሳድጋል። አንዳንዱ ሐሳቡን በመጠጥ ሊያስረሳ ይሞክራል፤ ይህም ጭንቀቱን ያከብድበታል። ሌላው ከስደት ጓደኞቹ ጋር ያለፈውን እያነሣ ይጽናናል። ያቋረጠውን ትምህርት ለመቀጠል ደፍሮ፣ ልጆቹ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጥም አለ።