ወለሉ ነቅነቅ ካለ አትርገጡት!

ለመስቀል ወደ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ገጠር ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ፣ የጓሮው ሽንት ቤት ወለል ከእግራችሁ ሥር ነቅነቅ ይል ይሆናል። “ኧረ ምንም አይል፣ አይዟችሁ!” ቢሏችሁ አትስሙ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ከተጀመረ ወዲህ በየገጠሩ ብዙ ጉድጓድ ተቆፍሯል። የተረበረበው እንጨት ግን ዕድሜ አለው፤ ላዩ በጭቃ ተመርጎ ደህና ይመስላል፣ ሥር ሥሩን ምስጥና እርጥበት ይጨርሱታል። ጭቃ መደረብማ ሸክም መጨመር ነው!

ከዳር ሆናችሁ ምርጉን አንሱና እንጨቱን ፈትሹ። የበሰበሰውን በወፍራም ግንድ ቀይሩ፤ ጫፍና ጫፉ ጠንካራ መሬት ላይ ገባ ብሎ ይረፍ። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ምስጡን ቢያዘገየው እንጂ አያስቀረውም። የጉድጓዱ አፍ ከተናደ ግን ደፍኖ ሌላ መቆፈር ነው። ገንዘብ ካላችሁ ለአባባ ከምትገዙት ጋቢ ብረት የገባበት የሲሚንቶ ወለል ይሻላል (ጋቢውን ለገና!)። እስኪጠገን በሩን እሰሩት፤ ሕፃናት አሉ።