ያልተሠራ ፈጠራ ፓተንት ያገኛል?

በአውድማ ላይ የዋለ ሰው የጤፍ ውቂያ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያውቃል። ደቃቁ ፍሬ ከአፈር ይቀላቀላል፤ ከፊሉም ከገለባው ጋር ይባክናል። አንድ የገጠር ወጣት ይህን ብክነት የሚቀንስ የመውቂያ መሣሪያ ቢያስብና የብረት መግዣ ገንዘብ ባይኖረው ከሁለት ሥጋት መካከል ይወድቃል። ሐሳቡን ለብየዳ ባለሙያ ቢያሳይ ሊወሰድበት ይችላል፤ ቢደብቀው ደግሞ ከወረቀት አያልፍም።

የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለዚህ መልስ አለው። አዋጁ ፈጠራን የሚተረጉመው በቴክኖሎጂ መስክ ለሚገኝ አንድ የተወሰነ ችግር በተግባር መፍትሔ ለማስገኘት የሚያስችል የፈጠራ ሠራተኛ ሐሳብ በማለት ነው። ስለዚህ ሐሳብ መሆኑ ብቻውን ውድቅ አያደርገውም። ወሳኙ “በተግባር” የሚለው ቃል ነው።

ምኞትና ፈጠራ

“ጤፍን ያለ ብክነት የሚወቃ ማሽን” የሚለው ምኞት እንጂ ፈጠራ አይደለም። ነዶው በየት እንደሚገባ፣ የሚሽከረከረው ክፍል እንዴት እንደሚወቃው፣ የወንፊቱ ቀዳዳ ስንት እንደሚሰፋና ነፋሱ ፍሬውን ሳይወስድ ገለባውን እንዴት እንደሚለይ ሲብራራ ግን ምኞቱ ወደ ፈጠራ ይሸጋገራል። መለኪያው በዘርፉ የሠለጠነ ሰው መግለጫውን አንብቦ መሣሪያውን ሊሠራው መቻሉ ነው። ጥበቃ የሚጠየቅበት ነጥብም በማመልከቻው ተለይቶ መስፈር አለበት።

ሦስቱ መመዘኛዎች

ፓተንት የሚሰጠው ፈጠራው አዲስ ሲሆን፣ ለባለሙያ በቀላሉ የማይገመት ፈጠራዊ ብቃት ሲኖረውና በኢንዱስትሪ ሊተገበር ሲችል ነው። ግብርናም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። የብቃት መመዘኛው ክብደት በጤፍ ጉዳይ ታይቷል። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ከጤፍ ዱቄት ዝግጅት ጋር በተያያዘ በ1999 ዓ.ም. የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት ግን ፈጠራዊ ብቃት ይጎድለዋል በማለት በኅዳር 2011 ዓ.ም. በኔዘርላንድስ ውድቅ አድርጎታል።

በነባር መሣሪያ ላይ የተደረገ መጠነኛ ማሻሻያ ፓተንት ባያሟላም የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ሊያገኝ ይችላል። ይህ ለ5 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን ለተጨማሪ 5 ዓመት ይታደሳል። ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በሀገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። የእጽዋትና የእንስሳት ዝርያዎች፣ የንግድ አሠራር ዘዴዎች፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችና ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳቦች በፓተንት አይጠበቁም።

ከማሳየት በፊት

ሁለት ሰዎች በየፊናቸው አንድ ዓይነት ፈጠራ ላይ ቢደርሱ መብቱ ቀድሞ ላመለከተው ነው። በመሆኑም ሐሳብን በዝርዝር መጻፍና ንድፉን መሣል፣ ከዚያም በባዛር ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ከማቅረብ በፊት ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከት ይመከራል። ከማመልከቻው አስቀድሞ ባለሙያ ማማከር ግድ ከሆነ ምሥጢር የመጠበቅ ስምምነት በጽሑፍ ይፈረም።

ፓተንት ዋጋም አለው። ባለመብቱ ጥበቃውን ለማቆየት ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል፤ የፈጠራውም ዝርዝር ለሕዝብ ይገለጣል። የጥበቃው ዘመን ሲያበቃ ማንኛውም አርሶ አደር ወይም ባለሙያ ሊሠራበት ይችላል። ገንዘብ ያጠረው ወጣት እንግዲህ መሣሪያው እስኪሠራ መጠበቅ የለበትም፤ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ሌላ ሰው አንብቦ ሊሠራው የሚችል የተሟላ ጽሑፍ ነው።